በገዛ ሰርቨሬ

ያን ቀን ሙቀቱ ለጉድ ነበር። የፋብሪካው ቆርቆሮ ጣሪያ ከላይ ይንጣጣል፣ ቶርኖውና መቁረጫው ከታች እሳት ይተፋል፣ ሠራተኞቹም ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቆ አንገታቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ይሠራሉ። የፋብሪካው ባለቤት ጋሽ ጉጠት ቢሯቸው ተቀምጠው በካርቶን ቁራጭ ፊታቸውን ሲያራግቡ ቆዩና አልሆን አላቸው። በሕንፃው ውስጥ ቀዝቃዛ አየር ያለበት ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሰርቨሩ ክፍል ነው። ማቀዝቀዣው የተገጠመው ለማሽኑ እንጂ ለሰው አይደለም። «እኔ የገዛሁት ማሽን ብርድ ይመታዋል፣ እኔ ባለቤቱ እዚህ እቀቀላለሁ» አሉ ለራሳቸውና ተነሥተው ሄዱ።

ጉጠት የወጣላቸው ስም ነው። አንድ ነገር ከያዙ አይለቁምና ሠራተኞቹ ከኋላቸው እንዲህ ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ አውቀውም በሆዳቸው ደስ ይላቸዋል። በወጣትነታቸው አንዲት ሞርሳና ጥቂት ሞረድ ይዘው መንገድ ዳር ቁልፍ ሲቀርጹ የነበሩ ሰው ናቸው። ዛሬ በእሳቸው ፋብሪካ የተሠራ ጓጉንቸር ያልተንጠለጠለበት የሱቅ በር በከተማው ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ይህንንም አፋቸውን ሞልተው ይናገራሉ፤ ያልሠሩትን አይናገሩምና መናገራቸው ያምርባቸዋል።

በሩን ከፈት ሲያደርጉ የእህታቸው ልጅ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የተበላሸ ሃርድ ዲስክ ስትቀይር አገኟት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓትም ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። የኮምፒውተር ትምህርቷን ጨርሳ ስትመለስ «ቤቴ ባለሙያ እያለ ከደጅ አልቀጥርም» ብለው ሰርቨሩንም የሠራተኛውን ኢሜይልም በእጇ አስረከቧት።

«ምነው ጋሼ፣ ችግር አለ?» አለች ቀና ብላ።

«ችግሩ ሙቀት ነው። አንቺ እዚህ ክረምቱን ለብቻሽ ይዘሽ ተቀምጠሻል» አሉና ባዶ የእንጨት ሳጥን ስበው ተቀመጡ።

«ይቀመጡ፣ ማንም አይከለክልዎት። ብቻ እግርዎ ያችን ሰማያዊ ገመድ እንዳይነካት፤ እሷ ከወጣች ፋብሪካው በሙሉ ዲዳ ይሆናል።»

ጋሽ ጉጠት እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከመደርደሪያው ላይ የሚርገበገቡትን አረንጓዴ መብራቶች ጥቂት ሲመለከቱ ቆዩና ፊታቸው ጠቆር አለ።

«እንኳንም እዚህ አገኘሁሽ። ቢሮ ላስጠራሽ አስቤ ነበር፤ እዚያ ግን ጆሮ ይበዛል። እስቲ በሩን ዝጊው።»

ልጅቷ ዘግታ ተመለሰች። እሳቸው ከኪሳቸው አንድ ጓጉንቸር አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩት። አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከታች ክብ የሆነ ነው።

«የእኛ አዲሱ ሞዴል ነው አይደል?» አለች።

«የእኛ ቢሆን መች አንገበገበኝ። የእኛ ገና ለገበያ አልወጣም። ይህን ወዲያ ማዶ ያሉት ተፎካካሪዎቻችን ናቸው የሚሸጡት፤ ካቦው ዛሬ ጠዋት ከገበያ ገዝቶ አመጣልኝ። ከውጭ ስታይው የእናት ልጆች ናቸው። እንግዲህ ንድፉን ማን ሰጣቸው? ንድፉን የሚሠራው ሰው አንድ ነው።»

ልጅቷ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባት፤ ግን አላቋረጠቻቸውም።

«ካቦው ብዙ ጊዜ ታዝቦታል። ምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ሲወጣ ንድፍ ሠሪያችን ብቻውን ቁጭ ብሎ ይጽፋል፤ ሰው ባጠገቡ ሲያልፍ ስክሪኑን ይሸፍናል። ደህና ነገር የሚጽፍ ሰው ምን ያስሸፍነዋል? ስለዚህ የኢሜይል ሳጥኑን ክፈችልኝና ልየው። ሌላ ነገር አልፈልግም። አይቼ እዘጋዋለሁ።»

«አልከፍትም፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ጋሽ ጉጠትም መጀመሪያ የሰሙ አልመሰላቸውም፤ የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ጆሯቸውን ያሳታቸው መሰላቸው።

«አይከፈትም ነው ወይስ አልከፍትም ነው ያልሽው?»

«ይከፈታል። እኔ ነኝ የማልከፍተው።»

ከእህታቸው ልጅ አፍ «እምቢ» ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ያን ቀን ነው። ቢቆጡ ቆሽታቸው ሊያር ነው፤ ባይቆጡ ደግሞ ተደፈሩ። በመካከሉ ግን ልጅቷን አስተምረው ለዚህ ያበቋት እሳቸው ናቸውና፣ ምክንያቷን ሳይሰሙ መነሣት ነውር መሰላቸው።

«እሺ፣ አስረጂኝ» አሉ። «እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ እንደ ልጅ አስረጂኝ። ይህ ማሽን የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው።»

«መብራቱን የሚከፍለው ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«የኢሜይል አድራሻቸው መጨረሻው ላይ የማን ስም አለበት? የፋብሪካዬ ስም ነው። በእኔ ሰዓት፣ በእኔ ወንበር፣ በእኔ ማሽን ላይ ተቀምጦ የጻፈውን፣ በገዛ ሰርቨሬ ያለውን ነገር ልይ ብል ሌባ ነኝ?»

ልጅቷ መፍቻዋን አስቀምጣ እንደ እሳቸው ሳጥን ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ያሉት ሁሉ እውነት ነው፣ ጋሼ፤ አንዱንም አልክድም። ማሽኑ የእርስዎ ስለሆነ ነገ ልዝጋው ቢሉ ይዘጋሉ። ለግል ጉዳይ አትጻፉበት ቢሉ መብትዎ ነው። ቫይረስ የሚሉት በሽታ ያዘለ መልእክት እንዳይገባ፣ የማይረባ ማስታወቂያ እንዳያጨናንቀን እኔ ራሴ ወንፊት አድርጌበታለሁ፤ ያም የባለቤት መብት ነው፣ እንዲያውም ግዴታ። ሰው ግን ቁጭ ብሎ አያነበውም፤ ማሽኑ ነው የሚያበጥረው። እርስዎ የጠየቁኝ ሌላ ነው። ማሽንዎን ልይ አላሉኝም፤ ሰውየውን ልይ ነው ያሉኝ።»

«ሰውየውም እኮ የእኔ ሠራተኛ ነው።»

«ሠራተኛዎ ነው። የጻፈለት ሰውስ? ኢሜይል ሁለት ጫፍ አለው። አንዱ ጫፍ እዚህ ነው፤ ሌላው ጫፍ ሚስቱ ትሁን፣ ሐኪሙ ይሁን፣ ወንድሙ ይሁን አናውቅም። ያ ሰው ከእርስዎ ደመወዝ አይቀበልም፤ ከእርስዎ ጋር አንዳች ውል የለውም። ለወዳጁ ብሎ የጻፈውን እርስዎ ቢያነቡት ምን ይሉታል? ማሽኑ የእኔ ነው ይሉታል?»

ጋሽ ጉጠት ይህን አላሰቡትም ነበር። ቢሆንም ከያዙ የማይለቁ ሰው ናቸው።

«እኔ የሌላውን አልፈልግም። እሱ የጻፈውን ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ለይቶ ማንበብ የሚቻል ከሆነማ ጥሩ ነበር። ግን የትኛው የሥራ፣ የትኛው የቤት መሆኑን ለማወቅ ሁሉንም ማንበብ ሊኖርብዎ ነው። አንብበው ሲጨርሱ ደግሞ ያነበቡትን መልሰው አያወጡትም።»

«ማን ያውቅብኛል? እኔና አንቺ ነን ያለነው።»

«እኔ አውቃለሁ» አለች ልጅቷ። «እሱ ይብሳል። ዛሬ እርስዎ አዘውኝ ከከፈትኩ፣ ነገ ካቦው የመጋዘን ሠራተኛዋ ምን ጻፈች ሲለኝ ምን እለዋለሁ? ከዚያ ወዲያ እኔ የምከፍት ሰው ነኝ። ለማን እንደምከፍት ብቻ ነው የሚቀረው። ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስዎ። የኢሜይል ሳጥኖቹን ስናከፋፍል ሠራተኛው ተሰብስቦ ሳለ ምን እንዳሉ ያስታውሳሉ? የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትስጡ፣ ለእኔም ቢሆን አትንገሩኝ ነው ያሉት። ሰው ያን ቃል አምኖ ነው የጻፈው። መጀመሪያ፣ ይህ ሳጥን የሥራ ብቻ ነው፣ ስንጠረጥር እናየዋለን ብለው ቢሆን፣ ዛሬ ነገሩ ሌላ ነበር፤ ሰውም አውቆ ይጠነቀቅ ነበር።»

እዚህ ላይ የሽማግሌው ትዕግሥት አለቀ። ተነሥተው ቆሙ።

«ስሚ፣ በዚህ ፋብሪካ ስንት ቤተሰብ ነው የሚተዳደረው። አንድ ከዳተኛ ንድፌን እየሸጠ የሁሉንም ጉሮሮ ሊዘጋ ነው። አንቺ ደግሞ ስለ አንድ ሰው ገመና ትነግሪኛለሽ። ካልከፈትሽ ከውጭ ባለሙያ አስመጥቼ አስከፍታለሁ።»

«ከውጭ ማምጣት አያስፈልግም» አለች። ተነሥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደችና የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል አስገብታ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረችው። «የባለቤትነትዎን መብት ልከለክል አልችልም፤ ማሽኑ ይኸው ተከፍቷል። የሠራተኛው ስም በሙሉ ተደርድሯል። የፈለጉት ስም ላይ ሁለት ጊዜ ይጫኑ፣ ይከፈታል። እጁ ግን የእርስዎ ይሁን። የእኔን እጅ አልሰጥም። ይህን በማድረጌ ከሥራ ቢያስወጡኝ ቅር አይለኝም፤ ያሳደጉኝ አባቴ ነዎት፣ ከቤትዎ ግን አልወጣም።»

ጋሽ ጉጠት መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ተቀመጡ። ስሞቹን ወረድ ወረድ እያሉ አነበቡ። የዘበኛው ስም አለ፤ ሚስቱ ሆስፒታል ከተኛች ሰንብታለች። የመጋዘን ሠራተኛዋ ስም አለ፤ ከባሏ ጋር በፍርድ ቤት እንደምትካሰስ አገር ያውቃል። የቶርኖ ሠራተኛው አለ። ቀጥሎ ንድፍ ሠሪው። ጣታቸው ማውሱ ላይ ቆመ።

«ጋሼ» አለች ልጅቷ ከኋላቸው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፤ «የዚያችን ተከራይ ሴት ቤት ለምን አልከፈቱም?»

ይህን ታሪክ በፋብሪካው ውስጥ የማያውቅ የለም፤ አዲስ ሠራተኛ በተቀጠረ ቁጥር ጋሽ ጉጠት ራሳቸው ይነግሩታል። ገና መንገድ ዳር በሚሠሩበት ዘመን አንድ ባለ ብዙ ቤት ሰው ይመጣና፣ ተከራዬ ሥራ ውላለች፣ ክፍሏን ክፈትልኝ ይላቸዋል። ለምን ቢሉት፣ ቤቱ የእኔ ነው፣ ግድግዳውም ጣሪያውም የእኔ ነው፣ ውስጡ ምን እንዳለ ማየት እፈልጋለሁ ይላቸዋል። ጉጠት ያን ጊዜ ሥራ የጠማቸው ወጣት ነበሩ። መፍቻቸውን ሰብስበው፣ «ግድግዳው የእርስዎ ነው፤ ኑሮው ግን የእሷ ነው። ስትመጣ አንኳኩተው ይግቡ» ብለውት ሄዱ። ሰውየው ዳግም ሥራ አልሰጣቸውም። ወሬው ግን በሰፈሩ ተሰማና፣ ቁልፍ የሚያስቀርጽ ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣ ጀመር፤ ቁልፉን ቀርጾ ቅጂ የማያስቀር ሰው ተባሉ። ፋብሪካው የቆመው በዚያ ስም ላይ ነው።

ጋሽ ጉጠት መነጽራቸውን በጣታቸው ገፋ አደረጉ። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣

«ያ ቤት ነው» አሉ፤ «ይህ የሥራ ቦታ ነው። ልዩነት አለው።»

«አለው። ልዩነቱን አልክድም። ለዚህም ነው ምንም አይዩ ያላልኩት። የደንበኛ ትእዛዝ፣ ንድፍ፣ የዕቃ ግዢ የፋብሪካው ስለሆነ ወደ ጋራ ሳጥን እናስገባው፤ እሱን እርስዎም ካቦውም በግልጽ ያነቡታል። የሰውን የራሱን ሳጥን ግን ከባድ ምክንያት ሳይኖር፣ ሰውየው ሳይነገረው፣ ምስክር ሳይቆም አንክፈት። እሳት ከተነሣ በር ይሰበራል፤ ግን በቀን፣ ሰው እያየ ነው የሚሰበረው።»

«እሺ፣ ሌባውንስ በምን ልያዘው?»

«መጀመሪያ ይጠይቁት።»

«ጠይቄው ቢዋሸኝስ?»

«ያን ጊዜ እንነጋገራለን። እስካሁን ግን አልጠየቁትም እኮ፣ ጋሼ። ካቦውን ነው የሰሙት።»

እውነቷን ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን ከማውሱ ላይ አነሡ። ማንሣቱ ቀላል አልነበረም፤ ያ እጅ የያዘውን ለቆ አያውቅምና። ከዚያ ጓጉንቸሩን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ኪሳቸው ከተቱና፣ «ዝጊው ማሽኑን» ብለው ወጡ።

ንድፍ ሠሪው ከወርክሾፑ ጥግ፣ በመስኮቱ ስር ባለው ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ይሠራ ነበር። ዝምተኛ፣ ቀጭን ሰው ነው። ጋሽ ጉጠትን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ።

«ተቀመጥ» አሉት ጋሽ ጉጠት። «አዟዙሬ መናገር አልችልበትም፣ ጉዳዩን ልንገርህ። ይህ ጓጉንቸር በገበያ ይሸጣል። የእኛን ንድፍ ነው የሚመስለው። አንተ ሰጥተሃቸው ይሆናል ብዬ ጠርጥሬሃለሁ።»

የሰውየው ፊት ቀላ። ግን አልተቆጣም፤ ጓጉንቸሩን ተቀብሎ ገለባበጠና ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቀነቀው።

«ፈትተውት አይተዋል?» አለ።

ጋሽ ጉጠት ጓጉንቸሩን አዩት። አልፈቱትም ነበር። ካቦው ሲሰጣቸው ቁጣ ዓይናቸውን ጋርዶት፣ ከውጭ አይተው ብቻ ኪሳቸው ከተውታል። ዕድሜ ልኩን ቁልፍ ሲፈታ የኖረ ሰው፣ በእጁ ያለውን ጓጉንቸር ሳይፈታ የሰው የኢሜይል ሳጥን ሊፈታ ተቀምጦ ነበር።

ሞርሳው ጋ ሄዱ፤ ጓጉንቸሩን በመንጋጋው አጠበቁት፤ በመዶሻና በቀጭን ብረት ፒኑን መትተው አወጡና ክዳኑን ገለበጡ። የለመደ እጅ ነውና ብዙም አልቆየም። ውስጡን አዩ። ተስፈንጣሪው ጥምዝ ሽቦ፣ ሞላው፣ በግራ በኩል ነው የተቀመጠው።

«በግራ?» አሉ።

«በግራ» አለ ንድፍ ሠሪው። «እኛም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያደረግነው። አቧራ ሲገባበት ይይዛል፤ ስለዚህ ወደ ታች አወረድኩት፤ ንድፉ ላይ ያለውም የታችኛው ነው። ከንድፉ የሰረቀ ሰው ስሕተቱን አይሰርቅም። ሞላው በግራ የነበረው በአንድ ናሙና ብቻ ነው፤ እሱም ኤግዚቢሽን ላይ ያቀረብነው ነው።»

ጋሽ ጉጠት መዶሻውን አስቀመጡ። ኤግዚቢሽኑ ትዝ አላቸው። ሰው ከድንኳናቸው ፊት ተሰልፎ፣ እሳቸው ደረታቸውን ነፍተው፣ ናሙናውን ብሎን በብሎን ፈትተው ለመጣው ሁሉ፣ እየው፣ ንካው፣ ከዚህ የበለጠ ካየህ ንገረኝ እያሉ ሲያዞሩት ነበር የዋሉት። ወዲያ ማዶ ያሉትም ሰዎች መጥተው ነበር። አጎንብሰው በስልካቸው ፎቶ ሲያነሡ እሳቸው ራሳቸው ናቸው ወደ ብርሃን ያቀረቡላቸው።

እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ንድፍ ሠሪው ደንግጦ ቀረብ ሲል፣ ሽማግሌው ለካ እየሳቁ ነው።

«ሌባውን የሸለምኩት እኔ ነኝ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ወንድሜ። ጠርጥሬህ ነበር፤ በደልኩህ።»

«ባይጠይቁኝ ነበር የሚከፋኝ» አለ ንድፍ ሠሪው። ጥቂት አመነታና፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ካቦው ምሳ ሰዓት ሲያየኝ ነበር፤ አውቃለሁ። ኢሜይሌን አይተዋል?»

እንግዲህ የሰው ክብር በአንድ ቃል ላይ የሚንጠለጠልበት ጊዜ አለ። ጋሽ ጉጠት ከጥቂት ደቂቃ በፊት ያን ማውስ ተጭነው ቢሆን ኖሮ፣ አሁን ወይ መዋሸት ወይ ዓይናቸውን መስበር ነበረባቸው። አሁን ግን ቀና ብለው ዓይን ዓይኑን አዩት።

«ልከፍት ተቀምጬ ነበር» አሉ። «አልከፈትኩም። ወደፊትም አልከፍትም።»

«እኔ እኮ የምጽፈው የቤቴን ጉዳይ ነው። ከፈለጉ...»

«አልጠየቅሁህም» አሉ ጋሽ ጉጠት። «ያንተ ነው። ለራስህ ያዘው።»

ያ ሰው በምሳ ሰዓት ለማን፣ ምን ይጽፍ እንደነበር ጋሽ ጉጠት እስከ ዛሬ አያውቁም። አለማወቃቸውን ደግሞ እንደ ሜዳልያ ነው የሚያዩት። ንድፍ ሠሪው ግን ያን ዕለት ወንበሩን ወደ እሳቸው ጠጋ አድርጎ፣ ወዲያ ማዶ ያሉት ሰዎች በጥሩ ደመወዝ ሲለምኑት እንደከረሙ፣ እሱም እየተጠረጠርኩ ነው ብሎ ልቡ መነሣት ጀምሮ እንደነበር፣ አሁን ግን የትም እንደማይሄድ ነገራቸው። ይህንን የትኛውም ሰርቨር ውስጥ ፈልገው አያገኙትም ነበር፤ በአፉ ነው የነገራቸው።

በማግሥቱ ሠራተኛው በሙሉ ወርክሾፑ ውስጥ ተሰበሰበ። ጋሽ ጉጠት መቁረጫው አጠገብ ቆመው፣ የእህታቸውን ልጅ ከጎናቸው አቁመው ተናገሩ። ማሽኑ የፋብሪካው ነውና ፋብሪካው ከበሽታና ከወንበዴ ይጠብቀዋል፣ ለየሳጥኑ የሚበቃውን ቦታም ይወስናል አሉ። የሥራው ጽሑፍ ሁሉ በጋራ ሳጥን ይሆናል፤ ያንን የሚመለከተው ሁሉ ያየዋል። የእያንዳንዱን ሰው ሳጥን ግን የፋብሪካው ባለቤትም ቢሆን፣ ካቦውም ቢሆን፣ ባለሙያዋም ብትሆን እንዲያው አይከፍትም። ከባድ ጉዳይ ቢመጣ ሰውየው ተነግሮት፣ እሱ ባለበት፣ ሠራተኛው የመረጠው ምስክር ቆሞ፣ ለጉዳዩ የሚያስፈልገው ብቻ ይታያል።

«ሥራ የለቀቀ ሰውስ?» አለች የመጋዘን ሠራተኛዋ።

መልሱን ለልጅቷ ተዉላት። «የሥራውን ለፋብሪካው ያስረክባል፤ የራሱን ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ ሳጥኑ ይጠፋል» አለች። «ማንም ቆይቶ አይፈለፍለውም።»

«እኔስ፣ ጋሼ» አለ የቶርኖ ሠራተኛው ከኋላ፤ «ለሚስቴ መጻፍ እችላለሁ ማለት ነው?»

«ሚስትህ ማንበቡን ከቻለችው ጻፍላት። ብቻ ቶርኖው ሲዞር አትጻፍ፤ ጣትህን ለፋብሪካው አላስረክብም።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ካቦው ብቻ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። ጋሽ ጉጠት ጠጋ ብለው ትከሻው ላይ እጃቸውን ጣሉ። «አንተ ለፋብሪካው ብለህ ነው፤ ገብቶኛል» አሉት። «ከዛሬ ጀምሮ ግን ዓይንህን ማሽኑ ላይ አድርግልኝ። ሰው ላይ ያለውን ለእኔ ተውልኝ፤ እኔም በግልጽ እጠይቃለሁ።» ካቦው ቀና አለ፤ ደንቡ ተጽፎ ሲቀርብ አምኖበት መጀመሪያ የፈረመውም እሱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በፋብሪካው ውስጥ የታየው ለውጥ ለማመን የሚያስቸግር ነው። ዱሮ ሰው ስለ ሥራው በኢሜይል የሚጽፈው «እሺ» እና «ደርሶኛል» ብቻ ነበር፤ የተናገረው እንዳይያዝበት ይፈራ ነበርና። አሁን የቶርኖ ሠራተኛው ማሽኑ ከመሰበሩ በፊት ድምፁ ተለውጧል ብሎ ይጽፋል፤ የመጋዘን ሠራተኛዋ የመጣው ብረት እንደሳሳ ሳትፈራ ትናገራለች። ከቁልፍ ገዢዎቻቸው መካከል አንድ ትልቅ ሆስፒታል፣ የበሮቻችንን ቁልፍ ንድፍ በሰርቨራችሁ ማን ያየዋል ብሎ ሲጠይቅ፣ ልጅቷ ደንቡን አሳየቻቸው፤ እነሱም ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። ንድፍ ሠሪው ሞላው ከታች ያለውን ጓጉንቸር ጨርሶ አወጣ። የወዲያ ማዶዎቹ ጓጉንቸር አቧራ ሲገባበት እየያዘ ከየሱቁ ሲመለስባቸው፣ የእነ ጋሽ ጉጠት ግን የትም ቦታ አልያዘም።

አንድ ቀን የጋሽ ጉጠት የዱሮ ወዳጅ፣ የሸክላ ጡብ ፋብሪካ ያለው ሰው ሊጠይቃቸው መጣ። ሻይ ቀርቦለት ሲጨዋወቱ፣ ስለ ደንቡ ወሬ ሰምቶ ኖሮ፣

«እንዲያው ነገሩ አልገባኝም» አለ። «እኔ የሠራተኞቼን ኢሜይል በየሳምንቱ አስነብባለሁ። ማሽኑን የገዛሁት እኔ ነኝ። አንተ ምን ነክቶህ ነው በገዛ ማሽንህ ላይ እጅህን ያሰርከው?»

«አንብበህ ምን አገኘህ?» አሉት ጋሽ ጉጠት።

ሰውየው አሰበ። «ምንም» አለ በመጨረሻ። «አሁን አሁንማ ምንም አይጽፉም።»

«አየህ፤ ማሽኑ የአንተ ነው፣ ሰዎቹ ግን ሸሽተውሃል። የእኔ ሰዎች ጠርጥሬ ጠይቄያቸው እንኳ አልሸሹኝም። ይህችን ነገር ያስተማረችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ትምህርት ቤት ስልካት ማሽን የሚጠግን ሰው አገኛለሁ ብዬ ነበር፤ እኔን ቀና አድርጋ የምታቆም ልጅ ናት የተመለሰችልኝ።»

ልጅቷ በዚያን ሰዓት ወረቀት ልታስፈርም ገብታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰማች፤ መስማቷን ግን ላለማሳየት ወረቀቱን ታገላብጥ ጀመር። እንግዳው አንዴ እሷን፣ አንዴ ወዳጁን አየ።

«ይሁን» አለ፤ «ግን እንበልና ዛሬ ማታ አንድ ሰው ብትጠረጥር፣ ሰርቨሩ እዚያው ግድግዳው ማዶ ነው። ማነው የሚከለክልህ? መንግሥት ነው? እሷ ናት?»

ጋሽ ጉጠት መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት፤ ወንበራቸው ላይም ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ማንም አይከለክለኝም» አሉ። «ራሴን የምከለክለው እኔው ነኝ።»